ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ለሚያድርበት የቢሾፍቱ ቤት ግቢው መቼ ይሠራ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አካባቢ ለእንግዶች የማከራየው ቤት አለኝ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እንግዶች ዓርብ ማታ ገብተው እሑድ ከሰዓት ይወጣሉ። አትክልተኛችን ሌላ ሥራ ስላለው የሚመቸው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሣር ማጨጃውን አስነሣ። ቤት ውስጥ አራስ ልጅ ነበረች። እናትየው ደውላ ስትነግረኝ በጣም አፈርኩ። ቅዳሜ አትምጣ ብለው ደግሞ ሣሩ ጫካ ይሆናል። ዘበኛው ውሃ ያጠጣል፤ ግን ዓርብ ማታ፣ እንግዳ ሊገባ ሲል ስለሆነ መግቢያው ጭቃ ነው። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የሐዋሳ አከራይ
እህቴ፣ እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት። አሁን እሑድ ማታ ለአትክልተኛዬ ደውዬ የሳምንቱን እንግዶች ቀን እነግረዋለሁ። ሰኞ እና ሐሙስ ግማሽ ግማሽ ቀን ይመጣል። ሰኞ ማሽን አይነካም። መጀመሪያ አጥንት፣ ቆርኪ፣ የከሰል ስብርባሪ ይለቅማል፤ እነዚህ ምላጩ ውስጥ ከገቡ ተወርውረው ሰው ይጎዳሉ። ሐሙስ ያጭዳል። ዓርብ መጥረግ ብቻ ነው። ቀን ስታስቀይሪው ግን ክፍያውንም አስተካክይለት፣ ሌላ ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

አትክልተኛ ነኝ
ልጁን አትቆጪው፣ እንግዳ እንዳለ ማንም ካልነገረው በምን ያውቃል? ስለ ሣሩ፦ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ረዝሞ ቆይቶ እስከ ሥሩ ከተላጨ ቢጫ ይሆናል፣ እንግዳም የሚያየው ያንን ነው። በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ በየ 2 ሳምንቱ ማጨድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ውሃ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጠጣ። በየቀኑ ከማርከፍከፍ በሳምንት 2 ቀን አርክቶ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሰርዶ ከሆነ ጥም ይችላል፣ አትስጊ። ዘበኛው ረቡዕ እና እሑድ ቢያጠጣ ዓርብ መሬቱ ደረቅ ነው። እሑድ ግን እንግዶቹ ከእንቅልፍ ከመነሣታቸው በፊት ጨርሶ ጎማውን ይጠቅልል። አንድ ነገር ልጨምር። የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስበው አበባ የሚያጠጡ አይቻለሁ። የቢሾፍቱ ሐይቆች መውጫ ወንዝ የላቸውም፣ ውሃቸውም አልካላይን ነው። ጽጌረዳ አይወደውም፣ ቅጠሉ ይገረጣል።

የ 3 ልጆች እናት
እኔ የምጽፈው እንደ እንግዳ ነው። ልጆቼን ይዤ እንደዚህ ዓይነት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው አጥሩን ነው። ቅንጭብ ካለ እባክሽ ልጆች ከሚጫወቱበት አርቂው። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጉሎም እንደዚያው፣ ፍሬው መርዝ ነው፤ ሲያዩት ደግሞ ያምራል፣ ልጅ ያነሣዋል። የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ሰኞ ይረጭ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውም ይነበብ። ከአበባ ማሰሮ ሥር ያለውን ሰሐን በየሳምንቱ ድፉት፣ ትንኝ የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

ቢሾፍቱ ነዋሪ
ከባድ ሥራ ለሁዳዴ አቆዩት። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ እኛ ቤት እንግዳ በጣም ይቀንሳል። ቡገንቪላ መግረዝ፣ መንገድ ማንጠፍ፣ አጥር ማደስ ያኔ ነው። ትኩስ ፍግ ግን እንግዳ ሊመጣ ሲል በፍጹም፤ ሽታውና ዝንቡ ለቀናት አይለቅም። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ተጠቀሙ። ለከሰል ምድጃ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ አዘጋጁ፣ አለዚያ በየሳምንቱ ሣሩ ላይ ጥቁር ክብ ይቀራል። እኔ በረንዳው ሥር ጤና አዳምና ጠጅ ሣር ተክያለሁ። እንግዶች ለቡናቸውና ለሻያቸው ሲቀጥፉ ደስ ይለኛል፤ የመጽሐፍ ያህል አስተያየት ከሚጽፉልኝም በላይ ነው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ልጁን አነጋገርኩት፣ ሐሙስ ከሰዓት ይችላል። ክፍያውን ጨምሬያለሁ። ቅንጭቡም ሊነሣ ነው። አንድ የቀረኝ፦ በሚቀጥለው ወር 9 ቀን የሚቆዩ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ያን ሁሉ ቀን ሳይነካ ይቆይ?

የሐዋሳ አከራይ
አይቆይም። ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀረው ይታጨድ። መሐል ላይ አንድ ቀን ለ 1 ሰዓት ያህል ይግባ፤ ቀኑን ግን እነሱ ይምረጡ፣ ከመምጣታቸው በፊት ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ ወደ ከተማ የሚወጡበትን ሰዓት ይነግሩሻል። ያን ቀን በእጅ የሚሠራ ብቻ፦ የደረቀ አበባ መልቀም፣ ማጠጣት፣ መጥረግ። ማሽኑ እስኪወጡ ይቆልፍበት።