ጥቆማ፦ የሃይብሪድ ባትሪ ይቀየር ከተባላችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፋን አስከፍቱ

ለገጣፎ ሆነሽ «ሃይብሪዷ ቤንዚን መብላት ጀመረች፣ የት ልውሰዳት» ላልሽው እህቴ፣ እኔ ሱሉልታ ነኝ፣ የ2010 ቶዮታ ፕሪየስ ነው ምነዳው፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት፣ ባለፈው በጋ ይሄው ነገር ደርሶብኝ ሶስት ጋራዥ ዞሬያለሁ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር እንኳን ሳያስነብብ «ባትሪው አልቋል፣ ሙሉው ይቀየር» አለኝ፣ የጠራው ብር ደግሞ ባይነገር ይሻላል። ሁለተኛው የደከመውን ብቻ መርጠን እንቀይር አለ፣ ረከስ ይላል ግን የፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁል (ትንንሽ ባትሪ) እርስ በርስ ተያይዞ ነው የሚሰራው፣ ከአሮጌዎቹ መሃል አቅሙ የተለየ አንድ ስትከቺበት ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይደክማል፣ ጎረቤቴ በዚ ምክንያት ሶስቴ ተመላልሷል።

ሶስተኛው ልጅ ነው ልቤን ያሳረፈው። ስካነሩን ሰክቶ አብረን እንጦጦን ወጣን፣ ምክንያቱም ቆማ ስትለካ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ዳገት ሲጫናት ነው ደካማው የሚለየው። የሁሉም ቮልት ተቀራራቢ ሆነ፣ ሙቀቱ ግን ከፍ ብሏል። ተመልሰን የኋላ ወንበሩን ነቅሎ የባትሪውን ፋን ሲያወጣው ክንፎቹ መሃል የኮረኮንቹ አቧራና የወንበር ብናኝ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል፣ በጣቱ ልጦ ነው ያነሳው። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱ ቻርጁን ይገድባል፣ ያኔ ፍሬን ስትይዢ ወደ ባትሪ መግባት የነበረበት ጉልበት በከንቱ ይቀራል፣ ሞተሩም ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቤንዚኑ እዛ ነው የሚሄደው። ተጠርጎ ከተገጠመ በኋላ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የገባችው ወደ 5 ምናምን ተመለሰች። አድራሻውን በውስጥ እልክልሻለሁ። ራስሽ ግን እንዳትከፍቺው፣ 200 ቮልት ነው፣ ብርቱካናማ ገመድ ያለበት አይነካም።

ከሚገዛ እቃ ብሉቱዝ ኦቢዲ (መኪናዋ ላይ ተሰክቶ ኮምፒውተሯን ለስልክ የሚያነብ) አንድ ያዢ፣ ከዶክተር ፕሪየስ አፕ ጋር የባትሪውን ሙቀት ስልክሽ ላይ ታያለሽ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉትን ግን በፍጹም፣ መብራት ከማብራት ውጪ ስራ የለውም።

አነዳድም አለ። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ብዙ ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ ያደርጋል፣ ሃይብሪድ ላይ ይሄ ኪሳራ ነው፣ ፍሪ ላይ ባትሪው አይሞላም፣ ለፍሬንም አደጋ ነው። ዲ ላይ ትተሽ ከሩቁ ጀምረሽ ፍሬኑን ለስለስ አድርገሽ ያዢ፣ ባትሪው ሲሞላና ቁልቁለቱ ገና ሲሆን ወደ ቢ (በሞተሩ መኪናዋን ወደሚይዘው ማርሽ) ቀይሪ፣ ከመጀመሪያው ቢ ካደረግሽው ግን ሊጠራቀም የሚችለውን ሞተሩ ይወስደዋል።

የጎማ ነፋስም ጎሚስታ ጋ በየሁለት ሳምንቱ አስለኪ። ደግሞ ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን ወንፊት ጃኬትና ፌስታል አትደርድሪባት፣ ፋኑ አየር የሚስበው በሷ ነው።