የትንቢተ አሞጽ የሙከራ ትርጉም፦ ስለ ጥያቄዎቹና ስለ ዘይቤው የጋራ ሐሳብ እናርቅቅ (ባሕር ዳር)

አስተባባሪ፦ ትንቢተ አሞጽ 9 ምዕራፍ፣ 146 ቁጥር ነው፤ ለሙከራ አይከብድም። ረቂቁ ላይ «መልስ የማይሹ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ መግለጫ ይለወጡ» የሚል አንቀጽ ሰፍሯል። ይቆይ ወይስ ይውጣ?

የዕብራይስጡ አንባቢ፦ ይውጣ። 3፥3-6 ላይ ሰባት ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ የሁሉም መልስ «አይሆንም» ነው። ሰሚው ስለ መንገደኛው፣ ስለ አንበሳው፣ ስለ ወጥመዱ «አይሆንም» እያለ መጥቶ ሰባተኛው ላይ በገዛ ከተማው ይፈርዳል። መግለጫ ስናደርገው ይህ ሁሉ ይጠፋል።
ጥንቃቄ የሚሻው ቁጥር 6 ነው። «መለከት ተነፍቶ ሕዝቡ አይፈራምን?» ለሚለው «አዎ» ብሎ የመለሰ ሰው ይፈራል ማለቱ ይሁን አይፈራም፣ አይለይም። «መለከት ሲነፋ የማይፈራ ሕዝብ አለ?» ብንል መልሱ አንድ ይሆናል።

የንባብ ሙከራ ክፍል፦ እስማማለሁ። ግን በቃል መጨረሻ የሚገባው የጥያቄ «-ን?» ዛሬ ከመጽሐፍ ውጭ አይሰማም። «ወይ» ደግሞ የምር ጥያቄ ይመስላል። «እንዴ» ይሻላል፤ «ነኝ እንዴ?» ሲባል አይደለሁም፣ «አይደለሁም እንዴ?» ሲባል ነኝ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ግእዙም ይለየዋል። «ቦኑ» አብዛኛውን ጊዜ «የለም»ን ይጠብቃል፤ «አኮኑ» «እንዴታ»ን። ነገር ግን «እንዴ» የጨዋታ ቃል ነው፤ በእግዚአብሔር ንግግር ውስጥ አይግባ። «በውኑ» አለልን አይደል? 9፥7ን እዩት፤ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» የሚለው የእስራኤልን ትምክሕት ለመስበር ነው። የእኛ ሰው ግን ውዳሴ አድርጎ ይሰማዋል። የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል።

የንባብ ሙከራ ክፍል፦ መሪጌታ፣ እንዳሉት «በውኑ»ንም እናስገባና ሁለቱንም እንፈትን። ከሁሉ የሚያሳስበኝ 6፥12 ነው።

የዕብራይስጡ አንባቢ፦ ልክ ነሽ። ቃል በቃል «ፈረስ በዓለት ላይ ይሮጣልን? በበሬዎች ይታረሳልን?» ነው። ለሁለተኛው የጎጃም ገበሬ «በምን ሊታረስ ኖሯል?» ይላል። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚዎች «በዚያ» የሚል ይጨምራሉ፤ ዓለቱን ማለታቸው ነው። ሌሎች ደግሞ የዕብራይስጡን ቃል ለሁለት ከፍለው «ባሕር በበሬ ይታረሳልን?» ብለው ያነቡታል። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው።

የንባብ ሙከራ ክፍል፦ በጣና ዳርቻ ግን አይሠራም። ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት አለ፤ «ባሕር ይታረሳል?» ቢሉት «አዎ፣ ሲሸሽ» ይላል። «በዚያ»ን ከላይ፣ «ባሕር»ን ከግርጌ እናድርግ፤ ከግርጌም «ጥልቁ ባሕር» ይባል።

አስተባባሪ፦ 4፥1ስ፣ የሰማርያን ሴቶች «የባሳን ላሞች» ብሎ የሚሰድበው?

መሪጌታ፦ ባሳን በሰባ ከብቷ የታወቀች አገር ናት፤ ባሳን ትባል፣ ፎገራ አትሁን። እኛ ዘንድ ላም የዋህ ናትና ስድቡ ይሳታል። «የሰባችሁ» የሚል ቃል ይጨመር።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ወደ ሐሳቡ የሚገባው ይኸው ነው፦ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ይቆያል፤ ወደ መግለጫ የሚለወጠው ሙከራ ላይ ከወደቀ ብቻ ነው። ሙከራው 12 ሰሚ ይኖረዋል፤ 4 የዳርቻ ገበሬ፣ 4 የከተማ ወጣት፣ 4 የቆሎ ተማሪ። ከየቡድኑ ሁለቱ «በውኑ»ን፣ ሁለቱ «እንዴ»ን ይስሙ። አንዴ ይነበብላቸው፤ «ገባችሁ?» አይባሉ፣ ሁሉም «ገባኝ» ይላልና። «ተናጋሪው ምን አለ?» ተብለው በራሳቸው ቃል ይመልሱ። ከ12ቱ 3 ሰው ከሳተው ቁጥሩ እንደገና ይታያል። መሪጌታ፣ የ9፥7ን ማስታወሻ እርስዎ ቢጽፉልን?

መሪጌታ፦ እጽፋለሁ። ከሦስት መስመር አይበልጥም።