ብሎክ የሚቀይረው ሊስፕ ብሎኩን ትቶ ሌላ ነገር እያጠፋብኝ ነው

ማስመሪያዬ (ጠያቂዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ላይ ነኝ፣ እርዱኝ።

64 የኦቶካድ (የንድፍ መሳያ ሶፍትዌር) ስዕሎች አሉኝ። ሁሉም ላይ ያው ታይትል ብሎክ አለ፤ የፕሮጀክቱን ስም፣ ቀኑንና አርማውን በአንድ ስም ጠቅልሎ የያዘው ሳጥን ማለቴ ነው። ብሎኩ ስለታደሰ አዲሱን ለብቻው ፋይል አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። 64ቱን አንድ በአንድ እየከፈቱ መቀየር ቀናት ይፈጃል ብዬ አጭር ሊስፕ (ኦቶካድ የሚያስኬደው ኮድ) ጻፍኩ። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ነው የማስቀምጠው፤ እናንተ ወደ እንግሊዝኛው መልሱት።

(ኮማንድ "-ኢንሰርት" "ታይትል=ዲ:\ኒው\ታይትል.ዲደብሊውጂ" "ዋይ" "0,0" "1" "1" "0")
(ኢንትዴል (ኢንትላስት))

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ከእኩል ምልክቱ በግራ የብሎኩ ስም፣ በቀኝ የአዲሱ ፋይል አድራሻ። ኦቶካድ "ብሎኩ አለ፣ ልቀይረው?" ሲል ዋይ ይመልስለታል። ከዚያ 0,0 ላይ ያስገባዋል። ሁለተኛው መስመር ያስገባነውን ትርፍ ብሎክ ያጠፋል። በመጨረሻ ሴቭ አድርጎ ይዘጋል።

ትናንት በ10 ስዕሎች ሞከርኩት። አልቆመም፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። ስከፍታቸው ግን ታይትል ብሎኩ ያው አሮጌው ነው። ይባስ ብሎ አንደኛው ፕላን ላይ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት የልኬት መስመር የለም። ሌላው ላይ የሰሜን ቀስቱ ጠፍቷል። ምን አድርጌ ነው?

የድሮ ድራፍተር

ልጄ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከሊስፑ ላይ አንሺ። ምክንያቱን በኋላ እንፈልገዋለን። አሁን ስዕሎቹን እናድን።

ኦቶካድ ሴቭ ሲያደርግ የቀደመውን ቅጂ በባክ ቅጥያ ያስቀምጣል። ቅንብሩን ካልነካሽው ከእያንዳንዱ ስዕል ጎን ታገኚዋለሽ። ነገር ግን የሚይዘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እዚያው ስዕል ላይ ሊስፑን ደግመሽ ካስኬድሽ ጥሩው ባክ በተበላሸው ይተካል። ስለዚህ ባኮቹን አሁኑኑ ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጪ። ከዚያ ቅጥያቸውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይረሽ ክፈቺያቸው።

ከዚህ በኋላ ሙከራ የምታደርጊው በቅጂ ላይ ብቻ ይሁን። በሁለት ስዕል ይበቃል። ስታስኬጂው ሴቭ የሚለውን መስመር አውጪው፣ ኤፍ 2 ተጫኚና ኮማንድ ላይኑ ላይ የተጻፈውን አምጪልን።

ማስመሪያዬ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ባኮቹን አወጣሁ።

ኤፍ 2 ላይ ያየሁት ይኸው። ፋይሉን በመፈለጊያ መንገዱ ላይ አላገኘሁትም ይላል። የሚያሳየው አድራሻ ደግሞ እኔ የጻፍኩት አይደለም። ከዲ ቀጥሎ ተሰብሮ ወደ ታች ወርዷል፣ ቀጥሎ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፣ የፎልደሩም የፋይሉም ስም የመጀመሪያ ፊደል የለም። ከሥሩ "ያልታወቀ ትእዛዝ" እያለ ይደረድራል። ፋይሉ እኮ እዚያው ነው ያለው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው።

ባለ ቅንፉ

ተገኘ። ጥፋቱ ያለው ባክስላሹ ላይ ነው።

ሊስፕ ውስጥ በጥቅስ መሃል ያለ አንድ ባክስላሽ የፎልደር መለያ ሆኖ አይነበብም። ከኋላው ካለው ፊደል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ባክስላሽና ኤን ማለት አዲስ መስመር ነው። ባክስላሽና ቲ ማለት ታብ ነው። አድራሻሽን በእንግሊዝኛ ሆነሽ እዪው። ኒው በኤን ይጀምራል፣ ታይትል በቲ። መስመሩ የተሰበረውም፣ ሰፊው ክፍተት የመጣውም፣ ሁለቱ ፊደሎች የተዋጡትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወይ ባክስላሹን እጥፍ አድርጊው፣ ወይ ወደ ፊት ያዘነበለውን ስላሽ ተጠቀሚ። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምጽፈው፤ ዓይን አያደናግርም።

የልኬት መስመርሽ ለምን እንደጠፋም ከዚሁ ይገባሻል። ፋይሉ ሲታጣ ኢንሰርት እዚያው ተቋረጠ። ዋይ፣ 0,0 እና የቀሩት መልሶች የሚቀበላቸው ጥያቄ ስለሌለ "ያልታወቀ ትእዛዝ" ተባሉ። ከዚያ ሁለተኛው መስመር መጣ። ኢንትላስት ሥራው ስዕሉ ውስጥ መጨረሻ የተፈጠረውን ነገር መስጠት ነው፤ አንቺ ያስገባሽው ይሁን አይሁን አያይም። አዲስ ብሎክ ስላልገባ ያገኘው የአንቺን የልኬት መስመር ነበር። አጠፋው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀይሪ። አንደኛ፣ ኢንሰርትን ከመጥራትሽ በፊት ፋይንድፋይል በሚለው ፋይሉ መኖሩን ጠይቂ። ኒል (የለም ማለት ነው) ከመለሰ ስዕሉን አትንኪ። ሁለተኛ፣ አስገብቶ ማጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ተዪው። ኢንሰርት "የት ላስቀምጠው?" ብሎ ነጥብ ሲጠይቅ የብሎኩ ፍቺ (ስዕሉ ውስጥ የተቀመጠው ዋናው ቅጂ) ቀድሞ ተቀይሯል። እዚያ ላይ ባዶ ኮማንድ ስጪው። ቅንፍ፣ ኮማንድ የሚለው ቃል፣ ቅንፍ፣ በቃ። ኤስኬፕ እንደመጫን ነው። ያልገባ ነገር ማጥፋትም አያስፈልግሽም።

ማስመሪያዬ

ወንድሜ ተባረክ! ስላሹን ቀየርኩ፣ ኢንትዴልን አወጣሁ፣ ባዶ ኮማንድ አስገባሁ። በሁለት ቅጂ ሞክሬ ሲሠራ ጊዜ በ64ቱም ቅጂዎች ላይ አስኬድኩት። 55ቱ ተቀየሩ። 9ኙ ግን አሁንም አሮጌ ናቸው። ምንም አልጠፋባቸውም። ኤፍ 2 ላይ "የዋይ ስኬል ስንት ይሁን?" ይልና ይቋረጣል። እኔ ስለ ስኬል አላወራሁም።

ባለ ቅንፉ

አውርተሻል፣ ሳታውቂው። እነዚያ 9 ስዕሎች ውስጥ ታይትል የሚባል ብሎክ የለም። ብሎኩ ከሌለ "ልቀይረው?" የሚባል ጥያቄም የለም። ኢንሰርት በቀጥታ የማስገቢያ ነጥብ ይጠይቃል። እዚያ ጥያቄ ላይ ካሉት ምርጫዎች አንዱ ደግሞ ዋይ ነው፣ የዋይ አቅጣጫ ስኬል ማለት። "አዎ" ብለሽ የላክሽውን ዋይ እንደዚያ ተረጎመው።

ኮማንድ የሚለው ተግባር መልሶችን ተራ በተራ ይልካል እንጂ ጥያቄው ምን እንደሆነ አያነብም። ለዚህ ነው ከመጥራትሽ በፊት ቲቢኤልሰርች በሚለው ብሎኩ መኖሩን ማጣራት ያለብሽ። ካለ ቀጥዪ። ከሌለ የስዕሉን ስም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ጽፈሽ እለፊው።

ሰማያዊ ንድፍ

ዋዩን ከነጭራሹ ማስቀረትም ይቻላል። ኤክስፐርት የሚባለውን ሲስተም ቫሪያብል (የኦቶካድ ቅንብር) 2 አድርጊው፣ "ልቀይረው?" የሚለው ጥያቄ አይመጣም። ይህን ካደረግሽ ግን ዋዩን ከኮዱ ማውጣት አትርሺ፤ ከረሳሽው 55ቱም ላይ የስኬሉ ጉዳይ ይመጣል። ስትጨርሺ ቫሪያብሉን ወደ ነበረበት መልሺ። ካልመለስሽው በዚያው ቀን በእጅሽ ስትሠሪ ሳይጠይቅሽ ብሎክ ይቀይርብሻል። ሊስፑ መሃል ላይ ቢቋረጥም እንዲመለስ፣ መመለሻውን የኤረር ተግባሩ ውስጥም ጻፊው።

የራሴንም ጥያቄ ልጨምር፣ ቅርብ ስለሆነ። እኔ የበር ብሎክ በዚሁ መንገድ ልቀይር ስል "ብሎኩ ራሱን ይጠራል" ብሎ እምቢ አለኝ። አድራሻው ትክክል ነው፣ ብሎኩም ስዕሉ ውስጥ አለ።

የድሮ ድራፍተር

አዲሱን ፋይል ስታወጣ ደብሊውብሎክ (ለብቻው ፋይል አድርጎ የሚያወጣው ትእዛዝ) ብለህ ስዕሉ ላይ ያለውን በር በማውስ መርጠህ ነው አይደል? እንደዚያ ሲሆን ፋይሉ ውስጥ የገባው የበሩ መስመር ብቻ አይደለም፣ "በር" የሚባለው ብሎክ ራሱ ገብቷል። አሁን ያንን ፋይል "በር" በሚለው ስም ላስገባ ስትል በር ውስጥ በር ሊኖር ነው። ኦቶካድ ይህን አይቀበልም።

ፋይሉን ክፈተው። ብሎኩን ኤክስፕሎድ አድርገው (ወደ ነጠላ መስመሮች በትነው)፣ ቀጥሎ ፐርጅ በለውና የተረፈውን ፍቺ አውጣው፣ ሴቭ አድርገው። ኤክስፕሎድ ስታደርግ አትሪቢዩቶቹ (ብሎኩ ላይ የሚሞሉት የጽሑፍ ቦታዎች) የሞላህባቸውን ዋጋ ጥለው ወደ ታግ (የቦታው መለያ ስም) ይመለሳሉ። እዚህ የምትፈልገው እሱኑ ነው። ሌላ ጊዜ ደብሊውብሎክ ላይ ምንጩን "ብሎክ" በለውና ስሙን ከዝርዝሩ ምረጥ። ያኔ የሚወጣው ይዘቱ ብቻ ነው።

መነሻ ነጥቡንም እይ። የአዲሱ ፋይል መነሻ ከአሮጌው ብሎክ መነሻ ጋር ካልገጠመ በሮቹ በሙሉ ከቦታቸው ይሸሻሉ። እኔን አንድ ጊዜ ሙሉ ፎቅ አሸሽቶብኛል።

ሰማያዊ ንድፍ

ልክ ነዎት ጋሼ፣ እንዳሉት ነበር ያወጣሁት። አሁን ሠራ። እናመሰግናለን።

ማስመሪያዬ

9ኙን ከፍቼ አየሁ። ብሎኩ እነሱ ላይ "ታይትል_አሮጌ" ነው የሚባለው። ሪኔም ላድርገው ስል ታይትል የሚባል ቀድሞ አለ ይለኛል። ከየት መጣ?

ሌላም ነገር አለ። በተቀየሩት 55ቱ ላይ መስመሮቹና አርማው አዲስ ሆነዋል። አዲስ የጨመርኩት "የማሻሻያ ቁጥር" የሚባለው አትሪቢዩት ግን አንዳቸውም ላይ አይታይም።

ባለ ቅንፉ

ታይትል የመጣው ከራስሽ ሊስፕ ነው። በስኬሉ ጥያቄ ላይ ቢቋረጥም ፍቺው ቀድሞ ገብቷል፣ ብዬሽ አልነበር? ማንም ስላልተጠቀመበት ፐርጅ ያወጣዋል። ከዚያ ሪኔም አድርጊና ሊስፑን አስኬጂ።

የድሮ ድራፍተር

ወይም ስሙን ሳትነኪ ከእኩል ምልክቱ በግራ "ታይትል_አሮጌ" ብለሽ ጻፊ። ፍቺው ይቀየራል። እኔ ግን የባለ ቅንፉን መንገድ ነው የምመርጥልሽ። ዛሬ ሁለት ስም ከተውሽ የሚቀጥለው ለውጥ ሲመጣ እዚሁ ችግር ላይ ትመለሻለሽ።

ሰማያዊ ንድፍ

አትሪቢዩቱን በተመለከተ፣ መስመርና አርማ በፍቺው ውስጥ ነው የሚኖሩት። ፍቺው ሲቀየር ሁሉም ቦታ አብረው ይቀየራሉ። አትሪቢዩት ግን ብሎኩ በገባበት ቦታ ሁሉ የየራሱ ቅጂ አለው፣ ጽሑፉን የያዘውም ያ ቅጂ ነው። ፍቺውን ስትቀይሪ የድሮዎቹ ቅጂዎች እንዳሉ ይቀራሉ። አትሲንክ የሚለውን ትእዛዝ በብሎኩ ስም አስኬጂ። አዲሱን ይጨምራል፣ ከፍቺው የወጣውን ያነሳል፣ ታጉ ያልተቀየረውን ጽሑፍ እንዳለ ያቆያል።

የድሮ ድራፍተር

ቆይ፣ ቆይ። አትሲንክን ሳታስኬጂ አንድ ነገር ንገሪኝ። በአዲሱ ብሎክ ላይ የየትኛውንም ታግ ስም ቀይረሻል?

ማስመሪያዬ

አዎ ጋሼ። "ቀን" የነበረውን "የወጣበት_ቀን" ብዬዋለሁ። ግልጽ ይሆናል ብዬ ነው።

የድሮ ድራፍተር

እንግዲያው 64ቱም ላይ የተሞላው ቀን ሊጠፋ ነበር። ለአትሲንክ "ቀን" የወጣ ነው፣ "የወጣበት_ቀን" አዲስ ነው። አንዱን ከነጽሑፉ ያነሳል፣ ሌላውን ፍቺው ላይ ካለው መነሻ ጽሑፍ ጋር ይጨምራል። ታጉን ወደ "ቀን" መልሺው። ሰው የሚያነበው ጥያቄ ግልጽ እንዲሆን ከፈለግሽ ፕሮምፕቱን ቀይሪ፤ እሱን መቀየር ምንም አይነካም።

ደግሞ ረጅም የፕሮጀክት ስም እንዲገባ ብለሽ ጽሑፉን በእጅሽ ያጠበብሽበት ወይም ያንሸራተትሽበት ስዕል ካለ፣ አትሲንክ ወደ ፍቺው ቦታና ስፋት ይመልሰዋል። እነዚያን አስቀድመሽ ለያቸው። ከአትሲንክ በኋላ በዓይንሽ ማየት አለብሽ።

ጀማሪው

ይቅርታ መሃል ገባሁ። እኔ ያለኝ ኦቶካድ ኤልቲ (ቀለል ያለው ኦቶካድ) ነው። ይህ ሊስፕ እኔ ጋ ይሠራል?

ባለ ቅንፉ

ኤልቲ ሊስፕ መቀበል የጀመረው ከ2024 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ከሆነ ተራ ስክሪፕት ፋይል መጻፍ ትችላለህ። እዚያ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ስክሪፕት ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት ኢንተር ነው። መስመር መጨረሻ ላይ የቀረች አንዲት ስፔስ ሁሉንም ታዛባለች። አድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለም በጥቅስ ክተተው።

ማስመሪያዬ

አለቀ! ታጉን መለስኩ፣ 9ኙን ፐርጅና ሪኔም አደረግኩ፣ ሊስፑን ከነአትሲንኩ አስኬድኩ። 64ቱም አዲሱን ታይትል ብሎክ ይዘዋል፣ ቀኖቹም አሉ። 3 ስዕል ላይ የፕሮጀክቱ ስም ከሳጥኑ ወጥቶ ነበር፤ ጋሼ እንዳሉት በዓይኔ ስለፈለግኩት አገኘሁትና በእጄ አስተካከልኩ።

የልኬት መስመሩ ከባኩ ተመለሰ። የሰሜን ቀስቱ ያለበትን ስዕል ግን እናንተን ከመጠየቄ በፊት ሁለት ጊዜ አስኬጄው ኖሮ ባኩ ላይም የለም። እንደገና ሳልኩት።