ሁለት ሕዝብ ብቻ ያለበት ፌዴሬሽን ይጸናል?

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ቡና ይዘን ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «ለምን በፌዴሬሽን አብረው አይኖሩም?» አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን ባጠናው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ውስጥ ሕንድ፣ ኢራንና ዩጎዝላቪያ አገሪቱ ሳትከፈል ኢየሩሳሌምን ዋና ከተማ ያደረገ ፌዴሬሽን ትሁን ብለው ነበር፤ ያለፈው ግን የክፍፍሉ ዕቅድ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ አባሎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ሲጣሉ ማን ይዳኛል?

አዜብ ካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ የእኛና የኤርትራን እየው እንጂ። መስከረም 1945 ሲጀመር ኤርትራ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ባንዲራ ነበራት። ፌዴራል መንግሥት የተባለው ግን ያው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው፤ መከላከያውም፣ ገንዘቡም፣ ወደቡም በእሱ እጅ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው የሚቀመጥበት ምክር ቤት በወረቀት ላይ ነበር፤ ሥልጣኑ ማማከር ብቻ። አንዱ ወገን ተከራካሪም ዳኛም ሆነ ማለት ነው! ኅዳር 5 ቀን 1955 ጨርሶ ፈረሰ። ጦርነቱ ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር፣ 30 ዓመት ፈጀ።

አራዳ ልጅ፦
እኩል ሥልጣን መስጠትም ብቻውን አያድንም። ቆጵሮስ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ነፃ ስትወጣ፣ ፌዴሬሽን ባትሆንም፣ ፕሬዚዳንቱ ግሪክ ምክትሉ ቱርክ፣ ለሁለቱም ቬቶ (ውሳኔን የማገድ መብት)፣ የመንግሥት ሥራው 70 ለ30። በ1963 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ደም ፈሰሰ።

ሰላም ነኝ፦
አልስማማም። ቤልጂየምን አትርሱ። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀር ካቢኔው ውስጥ ደችና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እኩል ናቸው፤ የሥልጣን ክፍፍሉን የሚነኩ ሕጎች ደግሞ ከሁለቱም የቋንቋ ቡድን አብላጫ ድምፅ ካላገኙ አያልፉም። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ በኋላ 541 ቀን መንግሥት መመሥረት አቅቷቸዋል፣ አዎ፣ ግን ማንም ጠመንጃ አላነሳም። ብራስልስም የአንዳቸው ሳትሆን ራሷን የቻለች ሦስተኛ ክልል ናት፣ በሁለቱም ቋንቋ ይሠራባታል። ለእኔ ቁልፉ እሱ ነው።

የፒያሳው፦
እህቴ ሰላም፣ ኢየሩሳሌምስ እንዲያ ልትሆን ትችላለች?

አዜብ ካዛንቺስ፦
ከከተማዋ በፊት ጦሩ በማን ትእዛዝ እንደሚንቀሳቀስ ይስማሙ እላለሁ። የእኛን ፌዴሬሽን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ነበር። ሲፈርስ ግን ዝም አለ።