ከፋብሪካ የሚቀነስ ሠራተኛ በኮምቦልቻ የሥራ አጥነት አበል የሚጠይቀው የት ነው?

ጥያቄ (የስፌት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት ስሠራ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ የወር ደመወዜም 3,000 ብር ነው። ባለፈው ሳምንት ትእዛዝ ስለቀነሰ ብዙዎቻችን እንደምንቀነስ በቃል ተነገረን። ጀርመን የምትኖር የአክስቴ ልጅ በዚያ አገር ሥራውን ያጣ ሰው ተመዝግቦ ለተወሰነ ጊዜ በየወሩ ገንዘብ እንደሚከፈለው ነግራኝ ስለነበር፣ እዚህም እንዲህ ያለ አበል ካለ ላመልክት ብዬ ወደ ቀበሌ ሄጄ ነበር። መታወቂያዬ የወረባቦ ገጠር ቀበሌ በመሆኑ ግን «የኛ ነዋሪ አይደለሽም» ተብዬ ተመለስሁ። ፋብሪካው ደግሞ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል የታተመ ወረቀት አድሎን እስከ ዓርብ ፈርመን እንድንመልስ ጠይቆናል። አብረውኝ ቤት የተከራዩ ሁለት ልጆች ፈርመዋል፤ እኔ ገና አልፈረምሁም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1 (የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ የነበርሁ)

እህቴ፣ ስለ አበሉ ከመነጋገራችን በፊት ያንን ወረቀት እንዳትፈርሚ እለምንሻለሁ። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል አበል በሕግ አልተደነገገም። በእሱ ምትክ ሠራተኛውን ጥቂት ወራት የሚያሻግረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ ይህንንም የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን አሠሪው ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ በመደበኛው ሁኔታ ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ከለቀቀ እንዲያውም እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነውና ፊርማሽ የሚያሳጣሽን ገንዘብ አስቢው። ስፈርም ገንዘቡ ቶሎ ይለቀቅልኛል ብለው የፈረሙና ባዶ እጃቸውን ወደ ቤተሰባቸው የተመለሱ ልጆችን በዓይኔ ስላየሁ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ለጠያቂዋ እንዲቀልላቸው ሂሳቡን በቁጥር ላስቀምጠው። የቀን ደመወዝዎ 100 ብር ነው ብለን ብንነሣ፣ በአንቀጽ 40 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም የ10 ቀን ይታሰባል፤ ለሦስት ዓመት 50 ቀን ወይም 5,000 ብር ይሆናል። ውሉ የተቋረጠው በሠራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር ይጨመራል። ለቅነሳ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወር ነው፤ አሠሪው ማስጠንቀቂያውን ካልሰጠ የዚያን ጊዜ ደመወዝ፣ ሌላ 6,000 ብር ይከፍላል። ድምሩ 17,000 ብር ሲሆን ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ተለውጦ ይከፈላል። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታም አለበት።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝዝበት ይችላል። በእርስዎም በኩል ግን የሚቆጠር ጊዜ አለ፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የክፍያ ክስ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን በሕጉ ተቀምጧል።

መልስ 3 (በደሴ የቀበሌ ሠራተኛ)

ስለ ቀበሌው ጉዳይ እኔ ልመልስልሽ። የቀበሌው መታወቂያ የሌላትን ነዋሪ ተመለሺ ብሎ መሸኘት ብቻውን አገልግሎት አይባልም፤ ቢያንስ መሸኛ እንድታመጪ ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። ወረባቦ ሄደሽ ከቀድሞው ቀበሌሽ የመሸኛ ደብዳቤ አውጪና መታወቂያሽን መልሺ። ከዚያም ከአከራይሽ ጋር ሆነሽ በምትኖሪበት ቀበሌ ለነዋሪነት አመልክቺ፤ አከራዮች ግብር ይመጣብናል ብለው ስለሚሠጉ ቀድመሽ አስረድተሽ አግባቢያቸው። የፋይዳ ቁጥር ካልወሰድሽ በዚያው ጉዞ ብትጨርሺው ብዙ ምልልስ ይቀንስልሻል።

መታወቂያው ሲወጣ በቀበሌሽ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሥራ ፈላጊነት ትመዘገቢያለሽ። ምዝገባው ገንዘብ አያስገኝም፤ ሥልጠና ሲመጣ፣ በማኅበር መደራጀት ሲፈቀድ ወይም ፋብሪካ ሠራተኛ ሲጠይቅ ግን ስም ዝርዝሩ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምሠራባት ደሴ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ መመዘኛው ግን የቤተሰቡ ድህነት እንጂ የሥራ ማጣት አይደለም። ብቻዋን የምትኖር፣ ለመሥራት የምትችል ወጣት ትመረጣለች ብዬ ተስፋ ብሰጥሽ ስለማታልልሽ በእሱ ላይ አትጠብቂ።

ለአሁኑ ችግርሽ ግን መታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ የለብሽም። በከተማው ሥራና ክህሎት መምሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ አለ፤ የፋብሪካ ባጅሽን ይዘሽ ከዓርብ በፊት ሂጂ። የምትኖሪበት ቀበሌ ሳይሆን የምትሠሪበት ድርጅት ነው የሚታየው።

መልስ 4 (የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ)

አብሽሪ ልጄ። እኔም በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ የምሠራበት ቦታ ሳይከፈት ቀርቶ ሥራ አጥቼ ነበር። የረዳኝ የደመወዝ ወረቀቶቼን በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጬ መቆየቴ ነው፤ ባለሙያው ፊት ቆርቆሮውን ስከፍት የአራት ዓመቱ ወረቀት በተርታ ወጣ፣ ክርክሩም በዚያው አለቀ። በኋላ በቀበሌ ተመዝግቤ አምስት ሴቶች ሆነን በባልትና ተደራጀን፤ የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት ግን ከዓመት በላይ ስለጠበቅን የስንብቱ ብር ነው ያቆየን።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ወደ መምሪያው እሄዳለሁ። የደመወዝ ወረቀት አይሰጠንም፣ ደመወዛችን በባንክ ነው የሚገባው። የፈረሙት ሁለቱ ልጆችስ ምንም ተስፋ የላቸውም ማለት ነው?

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያው)

የባንክ ሂሳብ መግለጫዎ በቂ ማስረጃ ነው፤ የሦስቱንም ዓመት ያስወጡ። የፈረሙትን በሚመለከት፣ ክርክሩ ይከብዳቸዋል እንጂ በሩ አልተዘጋም። ለብዙ ሠራተኞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ታትሞ የታደለ የመልቀቂያ ወረቀት የእያንዳንዱ ሰው ነፃ ፈቃድ ነው ለማለት ያዳግታል። ስለዚህ እርስዎ ያልፈረሙትን ወረቀት አይመልሱ፤ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ዋናውን ያስቀምጡ፤ ለልጆቹ ክስ ዋነኛው ማስረጃ እሱ ሊሆን ይችላል። ቅነሳው በተነገረ ጊዜ አብረው የሰሙ ሦስት ወይም አራት ሰዎችንም ሳይበተኑ ስማቸውንና ስልካቸውን ይመዝግቡ። ልጆቹም ነገ አብረውዎት ይሂዱ።