ለስም መመዝገቢያ የፈረምነው ወረቀት የስምምነት ሰነድ ሆኖ ቀረበ

ቦርከና ዳር፦ ሰሞኑን በኮምቦልቻ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ስለ አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ በተጠራው ስብሰባ፣ መድረኩን የመሩት ኃላፊ «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ብለው ዘጉት። ከቃለ ጉባኤው ጋር የተያያዘውን አባሪ ሳየው፣ በር ላይ ስንገባ የፈረምንበት የተሰብሳቢዎች መመዝገቢያ ነው፤ ራስጌው ላይ «ስም፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ፊርማ» ከሚለው በቀር አንድ ቃል የለበትም። የጥናቱን ሰነድ በእጁ የያዘ ሰው ካለ ይናገር፤ እኛ ከኋላ የተቀመጥነው ያየነው ግድግዳው ላይ የበራ የማይነበብ ካርታ ብቻ ነው።

ጦሳ፦ ወንድሜ፣ የፊርማው ነገር ስሕተት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሰው ሁሉ እስኪስማማ ከተጠበቀ ከተማው በቆሻሻ ይዋጣል። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚመረጠው የአፈሩ ዓይነት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀትና የነፋሱ አቅጣጫ ተጠንቶ ነው፤ ነፋስ ደግሞ በእጅ ብልጫ አይመራም። ሰንዳፋን አስታውሱ፦ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የካሉዋ፦ «ነፋስ በእጅ ብልጫ አይመራም» ላሉን መሐንዲስ አንድ ጥያቄ አለኝ። አውድማ ላይ ምርት ሲያዘራ የኖረ ገበሬ ነፋሱ ጠዋት ከየት እንደሚነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚዞር ያውቃል፤ ውሃው በክረምት የት እንደሚተኛም ያውቃል። እርስዎ በበጋ ለክተው ከሄዱ በኋላ ነሐሴ ላይ እዚያው የሚቀረው እርሱ ነው። የሰንዳፋ ገበሬዎችም ውሃችን ተበከለ ብለው ነው የጮኹት፤ የቆሼን ሙታን በእነርሱ ላይ ማላከክ ነውር ነው።

ጦሳ፦ እህቴ፣ በማንም ላይ አላላከክሁም። ገበሬው ስለ ነፋሱ የሚያውቀው መረጃ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም ነው ያልሁት።

የካሉዋ፦ መረጃ ከሆነ መቼ ተጠየቀ? ከመለካቱ በፊት ነው ወይስ ቃለ ጉባኤው ከተጻፈ በኋላ?

ሐረጎ፦ ነፋሱን ለጊዜው ብንተወውና ሕጉን ብናየው ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁም ሲፈጽሙም የአካባቢው ማኅበረሰብ መሳተፉን እንዲያረጋግጡ ያዝ ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን፣ በተለይም ፕሮጀክቱ የሚነካቸው ሰዎች የሰጡት አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው እንዲካተት ይጠይቃል። ግድግዳ ላይ የበራ ካርታ ይህን አያሟላም።

ጦሳ፦ መልካም፤ ሕጉ ይደመጡ አለ እንጂ ይፍቀዱ አላለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ላይ የሰጠው የመመካከርና ሐሳብ የመግለጽ መብት ነው።

ሐረጎ፦ የተደመጠ ሰው ቢያንስ ሐሳቡ ለምን እንዳልተወሰደ ይነገረዋል። እዚህ ግን ሐሳቡ ሳይጠየቅ ፊርማው ተወሰደ። ለማንኛውም ሥጋት ያለበት ሰው በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ቦርከና ዳር፦ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ ስለ እኛ መመካከር ቀላል ነው። ቦርከና ከደሴ ምን ምን ጠርጎ እንደሚያወርድልን እኛ ነን የምናየው፤ ደሴዎች በእኛ ቆሻሻ ላይ ባይፈርዱ ደስ ይለናል።

የካሉዋ፦ ወንድም ዓለም፣ ይህን ካነሡ አይቀር፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥር ያለፈው ቦርከና ወዴት ይወርዳል? ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጣው አርብቶ አደር በእናንተ አዳራሽ መቼ ተጠርቶ ያውቃል? ከላይ ላለው ስንጮህ ከታች ያለውን መርሳት የለመደብን ነገር ነው።

ቦርከና ዳር፦ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የካሉዋ፦ ኃላፊውም ስለ እርስዎ እንዲሁ ነው የሚሉት።

ቦርከና ዳር፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የሦስት ቅሬ (ዕድር) ዳኞች የጥናቱን ግልባጭ በደብዳቤ ሊጠይቁ ተስማምተዋል። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የማይመጣ ሰው ቅሬው ሲጠራ ይመጣል።

ጦሳ፦ ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው። ግልባጩ ቢሰጣቸውስ ስለ ከርሰ ምድር ውሃው የተጻፈውን ማን ያስረዳቸዋል?

ሐረጎ፦ መሐንዲስ ነኝ ብለውናል፤ እርስዎ ይምጡና ያስረዱ።

ጦሳ፦ አሁን ደሴዎች አይፍረዱብን ስባል አልነበረም እንዴ?