«በፈቃዳቸው ነው የሄዱት» ስለተባለው የ77 ሰፈራ

ኮረም 77፦
ትናንት ማታ ራዲዮ ላይ አንድ ሰው ስለ 77 ረሃብና ደርግ ሕዝቡን ወደ ሌላ አገር ስላሰፈረበት ጊዜ ሲያወራ ሰማሁ። «ሰፈራው የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ ሕዝቡም በፈቃዱ ነው የሄደው» አለ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ኮረም የረሃብተኞች መጠለያ ነበርኩ። የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴን እዚያው ቀብረነዋል። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት ሰዉን በሁለት ሰልፍ አቆሙት። አንዱ ለሰፈራ የተመዘገበ፣ ሌላው ያልተመዘገበ። ስንዴው የሚታደለው ለተመዘገበው ነበር። እናቴ ሁለት ቀን ባልተመዘገበው በኩል ቆመች። በሦስተኛው ቀን እኔንና እህቴን በእጇ ይዛ ወደ ወዲያኛው ተሻገረች። እንግዲህ በፈቃዱ የሚሉት ይሄንን ነው?

መንደር 7፦
ጋሼ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ግን ሁሉንም ሰው በኮረም አይለኩት። የኛ ቤተሰብ ከደላንታ ነው። አባቴ ራሱ ሄዶ ነው የተመዘገበው። በሬዎቹ አልቀው፣ ዘሩም ተበልቶ ነበር። ከዚያ መተከል፣ ፓዌ ገባን። እኔ እዚያ ተወልጄ፣ እዚያ ተምሬ፣ እዚያ ትዳር ይዣለሁ። በየጊዜው አንድ ሰው እየተነሳ ስለ ሰፈራ ሲያወራ የምንኖርበትን አገር መቃብር ያደርገዋል። ያመኛል።

ኮረም 77፦
ስለ አገርህ ክፉ አልወጣኝም። የያዝኩት አንድ ቃል ነው። በፈቃዱ የሚለውን። አንተ ደግሞ ያኔ አልተወለድክም።

መንደር 7፦
አልተወለድኩም፤ እናቴ ግን ነበረች። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣለች። ያነበብኩላት ጊዜ «ያኔ ሂዱ ያለን ባይኖር ሁላችንም እዚያው ቀርተን ነበር» ነው ያለችው። የእርስዎ እናት ምስክር ከሆኑ የኔም እናት ምስክር ናት።

ከዲሲ፦
አንድ ነገር ልጨምር። መስከረም 77 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ስታከብር ወሎና ትግራይ ሰው እየረገፈ ነበር። ዓለም ጉዱን ያየው በጥቅምት፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ኮረምን ሲያሳይ ነው። ከዚያ በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ተጭኖ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሄደ። የፈረንሳዮቹ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አካሄዱን በይፋ ተቃወሙ፤ በ1978 ከአገር ተባረሩ። ነፍስ ለማትረፍ ከነበረ ሐኪም ለምን ይባረራል? እባካችሁ ደግሞ ድርቅ አትበሉት። ረሃብ በሉት።

መንደር 7፦
ድርቅ ያለ ሰው እስካሁን የለም። ወንድሜ፣ ያልተባለ ነገር አትመልስ።

ከዲሲ፦
ራዲዮው ላይ የተናገረው ሰውዬ ብሏል። እኔም አዳምጬዋለሁ። ደጋግሞ ድርቁ፣ ድርቁ ይላል። ጦርነቱን አንዴ አላነሳም። መንገዱ የተዘጋውና ገበያው የጠፋው በዝናብ ብቻ ነው?

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ በ77 ወልድያ በኩል ሰፋሪ ከሚመዘግቡት አንዱ ነበርኩ። ያኔ ዕድሜዬ 22 ነበር። መዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ» ብለን እንጽፍ ነበር። ገበሬው ግን «ትፈቅዳለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠየቀው «ስንት ናችሁ?» ነው። ከበላይ ቁጥር ይመጣል፣ ያንን መሙላት ነው። አንድ የገበያ ቀን ጨው ሊገዛ የወጣ ሰው ይዘው አመጡልኝ። ሚስቱና ልጆቹ ቤት ናቸው። ጨው የሚቋጥርበትን ጨርቅ እንደያዘ ነበር። «ልንገራቸውና ልምጣ» ብሎ ለመነኝ። ፈቃደኛ ብዬ ጻፍኩት። በዚሁ እጄ። ሳይሄዱ የቀሩትን ደግሞ በየቀኑ ስንቀብር ነበር። ይሄንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮረም 77፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ይሄንን ከጻፈው ሰው አፍ መስማት ፈልጌ ነበር። መንደር 7፣ አነበብከው?

መንደር 7፦
አነበብኩት። መጨረሻ ላይ ያሉትንም ጭምር። እርስዎ ግን እሱን አላነሱትም።

ኮረም 77፦
እሺ፣ ላንሳው። ብንቀር እንሞት ነበር ትላለህ። እኛ ሄደን ጋምቤላ ወረድን። የወሎ ደጋ ሰው በረሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ታናሽ እህቴን ወባ በላት። የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቴ ነፍሷን ያተረፈችላት መስሏት ነበር ሰልፍ የቀየረችው። በ83 ስንመለስ ደግሞ መሬታችን ለሌላ ተደልድሎ ጠበቀን። እናቴ እስክትሞት ድረስ «እኔ ነኝ የወሰድኳት» ትል ነበር። በፈቃዱ የሚለው ሰውዬ ሸክሙን ይሄንን ያለችው ሴትዮ ላይ ነው የሚጭነው። ለዚህ ነው ቃሉን የማልለቀው።

መንደር 7፦
ይሄንን አላወቅኩም። አፈር ይቅለላቸው። ወባው እኛም ጋ ሰው ጨርሷል፤ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ በሬ ፈጅቷል። አልክድም። በኋላ ነው ጣሊያኖቹ ሆስፒታል የሠሩልን። ግን አባቴን ተገዶ ነው ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። እሱ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የሚኮራበት ያንን ቀን ነው።

ማንዱራ፦
እኔ ጉሙዝ ነኝ። በፈቃዱ፣ በግድ ስትባባሉ አነባለሁ። የኛን ፈቃድ የጠየቀ ግን የለም። አያቴ በለስ ወንዝ ዳር ነበር እርሻው። የታረሰውን ትቶ ሌላ ይመነጥራል፤ ዓመታት ቆይቶ ይመለስበታል። ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍ ነበረው። ትራክተር መጣና ባዶ መሬት ነው ተብሎ ታረሰ።

መንደር 7፦
ልክ ነህ። እኛ ግን ያንን አልመረጥንም። የጫነን ነው ያራገፈን።

ማንዱራ፦
ቅድም በፈቃዳችን ነው አልክ። አሁን ደግሞ የጫነን አልክ።

መንደር 7፦
መሄዱን እንጂ ቦታውን አልመረጥንም ነው የምልህ። በ2013 መተከል ሰው ሲያልቅ የኔም ዘመዶች ነበሩበት። እንደ ወራሪ አትቁጠረኝ።

ማንዱራ፦
ወራሪ አላልኩም። በ2013 እኔም ቀብሬያለሁ።

ከዲሲ፦
ወደ ራዲዮው ሰውዬ እንመለስ። ማስተካከያ እንዲሰጥ ደብዳቤ እንጻፍለት። የምትፈርሙ ተናገሩ።

መንደር 7፦
«ሁሉም ተገዶ ነው የሄደው» የሚል ከሆነ አልፈርምም።

ኮረም 77፦
«በፈቃዱ» የሚለው ካልወጣ እኔም አልፈርምም። ጋሼ ጡረተኛው፣ ያ ጨው ሊገዛ የወጣው ሰውዬ የት ተጫነ? ያስታውሱታል?

ጡረተኛው፦
ወደ ኢሉባቦር በሚሄደው ነው የጫንነው። አገሩ ጉባ ላፍቶ ነበር። ረጅም፣ ቀይ ሰውዬ፣ ግራ ጆሮው ላይ ጠባሳ ያለው። ከአውቶቡሱ መስኮት ጨርቁን ለአንድ ልጅ ሲወረውር አይቻለሁ፣ ቤት እንዲያደርስለት። ይድረስ አይድረስ እንጃ።

መንደር 7፦
ጋሼ፣ ኢሉባቦር የሰፈሩ ዘመዶች አሉን። የጉባ ላፍቶ ሰዎችም አብረዋቸው ይኖራሉ። እናቴ ነገ እደውላለሁ ብላለች።

ኮረም 77፦
ትደውል። የሰማችውን እዚሁ ጻፍልን። በቃሉ ግን አሁንም አልተስማማንም።